መንግሥት ኡስታዝ ሲሆን

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው።» ይህችን አባባል ያልሰማ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። በእምነት ጉዳይ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሦስተኛው ይህችን መዝዞ ሊያስታርቅ ይሞክራል። ሴኩላር መንግሥት ማለት ምን ማለት ነው ብንባልም አብዛኞቻችን የምንመልሰው ይህንኑ ነው፤ መንግሥት በእምነት ጉዳይ እጁን አያስገባም፣ እምነትም በመንግሥት ጉዳይ እንደዚያው።

ታዲያ ስለ ቱርክ በተወራ ቁጥር አንድ የማይቀር ዐረፍተ ነገር አለ። «ሕዝቧ ሙስሊም፣ መንግሥቷ ሴኩላር!» ይባላል። አድማጭም በልቡ የእኛኑ አባባል ይዞ ይሄድና ኢስታንቡል ላይ ይለጥፋታል። እኔ ግን የዚያን አገር የትምህርት ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አባባላችን እዚያ እንደማትሠራ ይገባኛል። ሪፐብሊኩ ከቆመ ጀምሮ በቱርክ የሃይማኖት ትምህርት የግል ሆኖ አያውቅም፤ የመንግሥት ነው። መንግሥት አንዴ ይዘጋዋል፣ አንዴ ይከፍተዋል፣ አንዴ በጠብታ ይሰጣል፣ አንዴ በግድ ያጠጣል። የቧንቧው መክፈቻ ግን ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ማርች 3 ቀን 1924 የአንካራው ፓርላማ በአንድ ቀን ሦስት ትልልቅ ነገሮችን ወሰነ። የኦቶማኖቹን ኸሊፋነት ሻረ። የሃይማኖት ጉዳዮችን የሚመራ፣ በቱርክኛ «ዲያኔት» የሚባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በአገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የሚያደርግ የትምህርት አንድነት ሕግም አወጣ። በዚህ ሕግ ሳቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆዩት መድረሳዎች ተዘጉ።

ልብ በሉ! መንግሥት ከሃይማኖት ተለየ በተባለበት በዚያው ቀን የሃይማኖት መሥሪያ ቤት ከፈተ። ሚስቱን ፈትቶ የቤቷን ቁልፍ ግን በኪሱ ይዞ እንደሚዞር ባል ማለት ነው። ያ መሥሪያ ቤት ዛሬ ከ100 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሉት። የመስጊድ ኢማሞች የመንግሥት ደመወዝተኞች ናቸው። የጁምዓ ኹጥባም ከማዕከል ተዘጋጅቶ ይላካል።

የ1924ቱ ሕግ መድረሳን ሲዘጋ በአራተኛው አንቀጹ አንድ በር ትቶ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ኢማሞችንና ኹጥባ አድራጊዎችን የሚያሠለጥን ልዩ ትምህርት ቤት ይክፈት ይላል። «ኢማም ሃቲፕ» የተባሉት እነዚህ ናቸው። በዚያው ዓመት 29 ተከፈቱ። በ1930 አንድም አልቀረም። የዩኒቨርሲቲው የሥነ መለኮት ክፍልም በ1933 ተዘጋ። በመሃሉ በ1928 «የመንግሥት ሃይማኖት እስልምና ነው» የሚለው ከሕገ መንግሥቱ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዐረቡ ፊደል ቀርቶ የላቲኑ ገባ። በ1932 አዛን በዐረብኛ መሆኑ ቀርቶ በቱርክኛ ይሁን ተባለ። በ1937 «ላይክነት» (ሴኩላርነት ማለታቸው ነው) ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ተጻፈ።

እንግዲህ አዛን በየትኛው ቋንቋ እንደሚባል የሚወስን መንግሥት ከሃይማኖት ተለይቷል ማለት ይቻላል? እኔ እንጃ። ሃይማኖትን ተቆጣጥሯል ማለት ግን ይቻላል።

ቧንቧው ሲዘጋ ውሃው መሄጃ አላጣም። ጓዳ ገባ። እንደ ሱሌይማን ሂልሚ ቱናሃን ያሉ ሰዎች ከፖሊስ ዓይን እየተደበቁ ቁርኣን ማስቀራት ያዙ። በእነሱ ዙሪያ የተሰበሰቡ ማኅበሮች ኋላ ትልልቅ ሆኑ፤ በኋላ እመለስባቸዋለሁ። በገጠሩ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። የቀድሞዎቹ ኢማሞች እያረጁ ሲያልፉ ምትክ ጠፋ። በ1940ዎቹ በየመንደሩ «ጀናዛ የሚያጥብልን ሰው አጣን» የሚል ሮሮ ይሰማ ጀመር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሟችን በወጉ መሸኘት ያልቻለ ሕዝብ፣ መንግሥት ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ቢያሠራለትም ሆዱ አይሞላም።

በ1946 ደግሞ የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ተጀመረ። ሕዝብ የምርጫ ካርድ ሲይዝ የገዢው ፓርቲ ጆሮ መስማት ጀመረ። የአታቱርክ ፓርቲ በ1947 ጉባኤው የሃይማኖት ትምህርትን ነገር አንሥቶ ተከራከረበት። በ1949 አራተኛና አምስተኛ ክፍል ላይ፣ ወላጅ ከጠየቀ ብቻ የሚሰጥ የሃይማኖት ትምህርት ተጀመረ፤ በአንካራ ዩኒቨርሲቲም የሥነ መለኮት ፋኩልቲ ተከፈተ። ይህ ግን ፓርቲውን አላዳነውም። በ1950 ዴሞክራት ፓርቲ አሸነፈና አዛንን ወደ ዐረብኛ መለሰ። በ1951 በሰባት ከተሞች ኢማም ሃቲፖች እንደገና ተከፈቱ።

ከዚህ በኋላ የኢማም ሃቲፕ ታሪክ ስሙን ጥሎ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ኢማም ለማሠልጠን ነው የተባለው፤ ወላጅ የሚልክበት ምክንያት ግን ሌላ ሆነ። የአናቶሊያ ገበሬና ባለ ሱቅ ልጁ እንዲማርለት ይፈልጋል፤ ልጁ ተምሮ እንዲንቀው ግን አይፈልግም። ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ቁርኣኑንም በአንድ ጊቢ የሚያስተምር ቤት ሲያገኝ «ይኸው!» አለ። በ1976 በፍርድ ቤት ውሳኔ ልጃገረዶችም እንዲገቡ ተፈቀደ። ሴት ልጅ መስጊድ ውስጥ ወንዶችን እንደማታሰግድ አባትየውም ያውቃል። የፈለገው እዚያ ከሆነች ልቡ ሳይፈራ እንድትማርለት ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት ከግማሽ በላይ የሆኑት ተማሪዎች ሴቶች ናቸው። ከወንዶቹም ሐኪም የሆነ አለ፣ መሐንዲስ የሆነ አለ። በ1973 ከኢስታንቡሉ ኢማም ሃቲፕ የተመረቀ አንድ ወጣት ደግሞ የአገሪቱ መሪ ሆነ፤ ሬጄፕ ጣይብ ኤርዶአን።

አሁን ወደ ጉዳዬ እየደረስኩ ነው።

በሴፕቴምበር 1980 ጄኔራሎቹ ሥልጣን ያዙ። ቀኙና ግራው መንገድ ላይ ሲገዳደል የከረመበት ዘመን ነበርና ወታደሮቹ አገሩን የሚያጣብቅ ሙጫ ፈለጉ። ያገኙት ሙጫ ሃይማኖት ነው። በ1982 ያወጡት ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 አገሪቱ ላይክ ናት ይላል። አንቀጽ 24 ላይ ሲደርስ «የሃይማኖት ባህልና የሥነ ምግባር ዕውቀት» የሚባል ትምህርት በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ግዴታ ነው ይላል። ይህን የጻፉት ሼኾች አይደሉም፤ የአታቱርክ አደራ ጠባቂ ነን የሚሉ ጄኔራሎች ናቸው። ምክንያታቸውም ልጆች በየጓዳው ከማንም ከሚማሩ መንግሥት ያስተምራቸው የሚል ነበር።

ስሙ ሲታይ ክፋት የለበትም። «ባህል»፣ «ሥነ ምግባር»፣ «ዕውቀት»፣ ማን ይጠላል? ውስጡ ሲገባ ግን የሱኒ ሐነፊው አሰጋገድ፣ ውዱኡ፣ ጾሙ ነው። አጠገቡ ደግሞ አገርን መውደድ፣ የወታደርነት ክብርና አታቱርክ ስለ ሃይማኖት የነበራቸው አመለካከት ተሰድሯል። ፈጣሪና ባንዲራ በአንድ ደብተር! መንግሥት ሃይማኖት ሲያስተምር መቼም ለራሱ የሚመቸውን ጨምሮ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ልጆችን እናስብ። ስም አልሰጣቸውም፤ እንደነሱ ያሉት ብዙ ናቸውና።

የመጀመሪያዋ የአሌቪ ልጅ ናት። አሌቪዎች በቱርክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኞቹ መስጊድ አይሄዱም። ጸሎታቸው «ጀም» ይባላል፤ ወንዱም ሴቱም በአንድ ክፍል ተቀምጦ፣ «ሳዝ» የሚባለው የክር መሣሪያ እየተመታ፣ በዝግታ እየተሽከረከሩ የሚደረግ ነው። በሙሐረም ወር 12 ቀን ይጾማሉ። ይህች ልጅ ቤቷ ይህን እያየች አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ «ሙስሊም ማለት በቀን አምስቴ መስጊድ የሚሰግድ፣ ረመዳንን የሚጾም ነው» ተብላ ትማራለች። ፈተናም ትፈተናለች። እጇን አውጥታ «እኛ ቤት ግን እንዲህ አይደለም» ብትል ክፍሉ ዘወር ብሎ ያያታል። ዝም ብትል በወላጆቿ ታፍራለች። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከዚህ ሁለት የትኛውን ትምረጥ?

ከትምህርቱ መውጣት አይቻልም ወይ ትሉ ይሆናል። በ1990 በተላለፈ ውሳኔ ክርስቲያንና አይሁዳዊ ተማሪዎች ካመለከቱ ነጻ ይደረጋሉ። አሌቪው ግን ሙስሊም ተብሎ ተመዝግቧል። ነጻ መውጣት ከፈለገ «ሙስሊም አይደለሁም» ማለት አለበት። ሙስሊም ነኝ ብሎ የሚያምነውን ሰው፣ ልጅህን ለማዳን ካድ እንደ ማለት ነው። አንድ አሌቪ አባት ይህን አልቀበልም ብሎ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። በኦክቶበር 2007 ፍርድ ቤቱ ፈረደለት፤ ትምህርቱ ሚዛናዊ አይደለም፣ ከትምህርቱ ነጻ የሚኮንበትም መንገድ ወላጅ እምነቱን እንዲያጋልጥ ያስገድዳል አለ። መንግሥት መጽሐፉ ውስጥ ስለ አሌቪዎች ጥቂት ገጾች ጨመረ። በ2014 ሌሎች ወላጆች ሄደው ያው ፍርድ ቤት አሁንም አይበቃም አለ። በ2022 የቱርክ የራሷ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በተመሳሳይ ጉዳይ የወላጅ መብት ተጥሷል ብሎ ወሰነ። አባትየው መጀመሪያ ሲያመለክት ሰባተኛ ክፍል የነበረችው ልጅ ይህን ጊዜ ራሷ እናት የምትሆንበት ዕድሜ ላይ ደርሳለች።

ሁለተኛዋ ልጅ የዚያ የአናቶሊያ ባለ ሱቅ ልጅ ናት። በ1990ዎቹ ኢማም ሃቲፕ ገብታ በርትታ ትማራለች። ሕልሟ ሐኪም መሆን ነው። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1997 ጄኔራሎቹ የጠቅላይ ሚኒስትር ኤርባካንን መንግሥት አስጠነቀቁ፤ በጁን ሥልጣን ለቀቁ። በኦገስት የግዴታ ትምህርት ከአምስት ወደ ስምንት ዓመት አደገ። ይህ ራሱ በጎ ነገር ነው፤ ለብዙ የገጠር ልጃገረዶች ጠቅሟል። ዓላማው ግን ሌላም ነበረው፤ ስምንቱ ዓመት ሳይቆራረጥ በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት ይሁን ስለተባለ የኢማም ሃቲፕ መካከለኛ ክፍሎች ተዘጉ። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስሌት ተለወጠ። ከሙያ ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ ከሙያው ውጪ ቢያመለክት ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ይባዛል ተባለ። ኢማም ሃቲፕም ሙያ ትምህርት ቤት ነውና የዚያች ልጅ ነጥብ ቀለጠ። እንዲያውም ለኢማሙ የተወረወረው ድንጋይ ከእሱ አልፎ ኤሌክትሪሺያኑንና መካኒኩንም መታ፤ ሕጉ የሙያ ተማሪን በሙሉ ነበር የሚነካው።

ሁሉንም አልፋ ዩኒቨርሲቲ ብትገባስ? በር ላይ «ሂጃብሽን አውልቂ» ትባላለች። በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ «የማሳመኛ ክፍል» የተባለ ተከፍቶ ልጃገረዶቹን እያስገቡ ይመክሯቸው ነበር። አቅም ያለው ልጁን ውጭ አገር ላከ፤ የኤርዶአን ሴት ልጆች ራሳቸው የተማሩት አሜሪካ ነው። አቅም የሌለው ቤት አስቀመጠ። በ1996-97 ግማሽ ሚሊዮን ያህል የነበረው የኢማም ሃቲፕ ተማሪ ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ 65 ሺህ ወረደ።

አሁን ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በቱርክ ፖለቲካ ተቃራኒ ጎራ ናቸው። የአንዷ አባት የሌላዋን አባት አይመርጥም። አንደኛዋን ያስለቀሳት ሃይማኖት በግድ መማሯ ነው፣ ሁለተኛዋን ሃይማኖት በመማሯ መቀጣቷ። የየጎራው ጋዜጠኛ የራሱን ልጅ እንባ ብቻ ይጽፋል። የሁለቱንም ያስለቀሰው ግን ያው ያንድ መንግሥት እጅ ነው። እጁ ላይ የወታደር መለዮ ይሁን ጢም ያለው ሰው ፊርማ፣ ልጆቹን የሚያያቸው በአንድ ዓይን ነው፤ የነገ ደጋፊ ወይም የነገ ጠላት አድርጎ።

«እንግዲህ የተጨቆኑት ሥልጣን ሲይዙ ነገሩ ተስተካክሏል» የሚል ይኖራል። ከፊሉ ተስተካክሏል። ያ የነጥብ ስሌት በ2011 መጨረሻ ተነሣ፤ የሂጃብ ክልከላው መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ፣ በ2014 ከትምህርት ቤትም ቀረ። ደግ ተደረገ። በደል ተነሥቷልና ማንም ቅን ሰው ሊከፋ አይገባም። ችግሩ ነገሩ እዚያ ላይ አለመቆሙ ነው። በፌብሩዋሪ 2012 ኤርዶአን ሃይማኖተኛ ትውልድ ማሳደግ እንፈልጋለን አሉ። በማርች አዲስ ሕግ ወጣና የኢማም ሃቲፕ መካከለኛ ደረጃ ተመለሰ። በየሰፈሩ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ወደ ኢማም ሃቲፕ ተቀየሩ፤ ጎረቤት ያለው ትምህርት ቤት የተቀየረበት ወላጅ «እኔን ማን ጠየቀኝ?» እያለ አቤቱታ ፈረመ። የተማሪው ቁጥር በጥቂት ዓመታት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በ2017 የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ወጣ። በ2023 ደግሞ ኢማሞች መንፈሳዊ አማካሪ ሆነው መደበኛ ትምህርት ቤት የሚገቡበት ፕሮግራም ተስፋፍቶ ወላጆችና የመምህራን ማኅበራት ሰልፍ ወጡበት።

የድሮው መንግሥት ሃይማኖተኛውን ልጅ «አንተ አታስፈልግም» አለው። የአሁኑ ሃይማኖተኛ ያልሆነውን «አንተም ሃይማኖተኛ ትሆናለህ» አለው። በመካከል ልጁን «አንተስ? ቤተሰብህስ?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም የተፈለገውን አመጣ? በ2018 በኮንያ ከተማ የትምህርት ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ዐውደ ጥናት ሪፖርት መላውን ቱርክ አነጋገረ። ኮንያ ማለት የመውላና ጀላሉዲን ሩሚ መቃብር ያለባት፣ በአጥባቂነቷ የታወቀች ከተማ ናት። ሪፖርቱ የኢማም ሃቲፕ ተማሪዎች ወደ «ዲይዝም» እያዘነበሉ ነው የሚል ስጋት ያዘለ ነበር። ዲይስት ማለት ፈጣሪ መኖሩን የሚቀበል፣ ሃይማኖትን ግን የማይቀበል ነው። ወጣቶቹ ለሚያነሡት ጥያቄ አጥጋቢ መልስ ማጣታቸው እንደ ምክንያት ተነሣ። የዲያኔቱ ኃላፊ ነገሩ ሊሆን የማይችል ነው ብለው አስተባበሉ። በዚያው ሰሞን ኮንዳ የተባለው የታወቀ የጥናት ድርጅት ያወጣው ውጤት ደግሞ ራሳቸውን «ሃይማኖተኛ» የሚሉ ቱርኮች በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ 55 ወደ 51 መውረዳቸውን፣ ፈጣሪ የለም የሚሉት ከመቶ 1 ወደ 3 መውጣታቸውን አሳየ።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አገሩ ከሃይማኖት ወጣ የሚያሰኝም አይደለም። ግን አስቡት፤ ሙሉ መንግሥት፣ ሙሉ በጀት፣ ሙሉ ሥርዐተ ትምህርት ይዘው አሥር ዓመት ገፍተው ቁጥሩ ወደ ታች ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ አበው። ሃይማኖት ከመንግሥት ጋር አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሕዝብ በመንግሥት ሲናደድ ቁጣው ሃይማኖቱንም ይነካካል። ሙስና የሠራ ባለሥልጣን በአፉ ቁርኣን ሲጠቅስ የሰማ ወጣት ባለሥልጣኑን ብቻ ለይቶ አይጠላም።

«ታዲያ መንግሥት ጨርሶ እጁን ይሰብስብና ለማኅበረሰቡ ይተወው» የሚል መልስ ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። ቀደም ብዬ እመለስባቸዋለሁ ያልኳችሁ ማኅበሮች አሉ። በኖቬምበር 2016 በአዳና ክፍለ ሀገር አላዳግ በምትባል ወረዳ ከእነዚሁ ማኅበሮች ጋር ግንኙነት ያለው የልጃገረዶች ማደሪያ ተቃጥሎ 12 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪ ልጆች ነበሩ። ከተራራማ መንደሮች የመጡ የድሃ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው እዚያ ያስገቧቸው በአካባቢው ሌላ ማደሪያ አጥተው ነው። መንግሥት የኹጥባውን ቃል ከማዕከል እያዘጋጀ ይልካል፤ የማደሪያውን የአደጋ ጊዜ በር ግን በወጉ አልተቆጣጠረም። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። መግባት በሌለበት ገብቶ፣ መግባት ባለበት ጠፋ።

የሌሎቹንም እምነት ነገር ካነሣን፣ ኢስታንቡል አጠገብ በሄይበሊአዳ ደሴት ላይ የግሪክ ኦርቶዶክሶች የሃልኪ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት አለ። ከ1844 ጀምሮ ጳጳሳትና መምህራን ያወጣ ቤት ነው። በ1971 የግል ከፍተኛ ትምህርትን ሁሉ ወደ መንግሥት ያዞረ ውሳኔ መጣና ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ይከፈታል እየተባለ ሳይከፈት ኖረ። እዚህ ላይ ልዩነት የለም፤ የጄኔራሎቹም ዘመን የኤርዶአንም ዘመን ያዩት ጉዳይ ነው። ቧንቧውን የያዘ እጅ ለሌላው ሰው ውሃ ሲሰጥ እንደ ስጦታ፣ ሲነሣ እንደ ቅጣት አድርጎ ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ልጅ ስለ ሃይማኖት ማወቅ አለበት። የጎረቤቱን ጾም፣ የጓደኛውን በዓል፣ አንዱ የሚሰግደው ሌላው የማይሰግደው ለምን እንደሆነ ካላወቀ ነገ በማያውቀው ነገር ላይ ድንጋይ ያነሣል። ይህን መንግሥት ያስተምር፤ የሁሉንም በእኩል፣ አማኞቹ ራሳቸው «አዎ፣ ይህ እኛ ነን» በሚሉት አኳኋን። እንዲህ ሆኖ ቢሰጥ የአሌቪዋ ልጅ እጇን አውጥታ ስትናገር ክፍሉ ዘወር ብሎ ያያት ይሆናል፤ ለማወቅ ጓጉቶ ግን። ማመንን፣ መስገድን፣ መጾምን ግን ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ጀም ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ያስተምር። እዚያም ቢሆን መንግሥት ሥራ አያጣም፤ ልጅ እንዳይደበደብ፣ ማደሪያው እንዳይቃጠል፣ ከመደበኛ ትምህርቱ እንዳይቀር ይጠብቅ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ትምህርት ቤት ልጁን ከደጃፉ ያደርሰዋል፤ መግባቱ የራሱና የቤተሰቡ ነው።

ይህ ለኛ አዲስ አሳብ አይደለም። ብዙዎቻችን ፊደሉን ወይ ቄስ ትምህርት ቤት ወይ ቁርኣን ቤት ቆጥረን፣ ቀጥሎ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብተን ከሁለቱም ሰፈር ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። በተግባር የጎደለን ብዙ ነው፤ ያ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ነገር ግን «ልጆቻችን ሥነ ምግባር አጡ፤ መንግሥት በየትምህርት ቤቱ ሃይማኖት ያስተምርልን» የሚል ድምፅ አልፎ አልፎ እሰማለሁ። ለዚህ ሰው የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የማንን? መልሱ «የእኔን» ከሆነ፣ መንግሥት ሲለወጥ የሚያስተምረው የጎረቤትህን ይሆናል፤ ያኔ ልጅህን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ?

ቱርኮች ይህን ጥያቄ መቶ ዓመት ሙሉ ሲገለባበጡበት ኖሩ። እያንዳንዱ ወገን ተራው ሲደርስ ቧንቧውን ያዘ። ማናቸውም መክፈቻውን ነቅለው ለባለቤቱ አልመለሱም።